ያልተቆፈረው ጉድጓድ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር መረሬ ነው ጭቃ።
ሠላሳ አራት ቤት ነን፣ አንድ የማኅበር አጥር፤
ቧንቧችን ያስላል
ጠብታ ሳይሰጠን፣ ወሩን ሙሉ ሲያጥር።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ የውሃ ኮሚቴ፤
ያየሁትን ሳይሆን
የተባለውን ነው የምጽፍ፣ ከነስህተቴ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ ሽብሩ መጡ፤
ሁለት የመዳብ ሽቦ ከጃኬት አወጡ።
"ሳይንስ ነው፤ መግነጢስ፣ ሞገድና ኳንተም"
አሉ። ቃሉ ሲከብድብን፣ ሁላችንም ዝም።
እጃቸውን ዘርግተው ቀስ እያሉ ሲጓዙ
ከወይዘሮ በላይነሽ ግንብ ጥግ ላይ ሲደርሱ
ሽቦዎቹ ዞረው እርስ በርስ ተያያዙ።
እልል ተባለ። ሊቀመንበሩ አጨበጨበ፤
የቁፋሮው ብር
መሬቱ ሳይነካ በልባችን ተሰበሰበ።

"በገላን አምስት ጉድጓድ፣ በዱከም አራት" ሲል ሊቀመንበር፣
"ስንቱስ ደረቅ ወጣ?" ያለችው ትርሲት ነበር።
ጤና ጣቢያ ነች፤ ደምና ሰገራ
ስትመረምር ውላ ትገባለች፣ ከማይክሮስኮፕ ጋራ።
"ደረቁን ማን ቆጠረው?"
ደረቅ ጉድጓድ አፉን አፈር ሞልቶት ዝም ይላል፤
ውሃ ያገኘው ግን ሰባት ሰፈር ያስወራል።

አቶ ሽብሩ አልሸሹም። "ሞክሩኝ" አሉ።

ቢጫ ጀሪካኖች፣ አሥር ደረደረች፤
አምስቱን ውሃ፣ አምስቱን አሸዋ ሞላች።
መጀመሪያ ገልጣ፦
ሽቦው ምን ሊሳሳት! አሥሩም ልክ መጣ።
ቀጥሎ በሸራ ሸፍና፣ ቦታቸውን ለወጠች፣
ሳንቲም እየጣለች።
"የሚያውቅ ሰው ፊቱ ያወራል" ብላ
እሷም ሄደች፣ ከግንቡ ጀርባ ተከልላ።
አሥር ጊዜ ሄዱ፤ አሥር ጊዜ ጻፍሁ፤
ሸራው ሲነሳ ግን አራት ልክ አገኘሁ።
"ይደገም" አሉ። አምስት።
"ይደገም።" አራት።
ሳንቲም ራሷ ብትገምት፣ ትበልጥ ነበር ምናልባት።

ያኔ ያየሁት ፊት የሌባ አልነበረም።
ሽቦውን ትተው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፣
እንደ ሰው መዳፍ።
"እኔ አላዞርኩትም" አሉ፤
እውነታቸውን ነው፣ አውቀው አላዞሩትም።

ከኋላዬ ግን ሰው መፍትሔ አያጣም፦
"ሸራው ላስቲክ ነው፣ ሞገድ አያስወጣም።"
"ጥርጣሬ ካለ ይሸሻል ኃይሉ።"
"የትርሲት ዓይን ነው" ሌሎቹ አሉ።
ቢሳካ ማስረጃ፣ ባይሳካም ማስረጃ፤
እንዲህ ያለ ነገር በምን ይረታል እንጃ።

ማታ ሁለት ሽቦ አጥፌ፣ ግቢዬ ውስጥ ሄድሁ።
ሴፕቲክ ታንኩ ላይ ስደርስ
ዞሩ! እጄ ላይ ዞሩ! ፀጉሬ ቆመ፣ ፈራሁ።
ከዚያ ልጄ ናኦድ ዓይኔን በሻርፕ አሰረና
አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣ አዙሮ መራኝና
በታንኩ ላይ ሦስት ጊዜ አሳለፈኝ፣ ኋላ እንደነገረኝ፤
ሽቦው ግን ምንም አላለኝ።
ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ አፈርሁ መሰለኝ።

በስብሰባው ግን ሃያ ስምንት እጅ ወጣ፤
የተቆፈረውም እዚያው ግንቡ ጥግ ነው።
በስልሳ ሁለት ሜትር
ውሃ መጣ!
በግ ታረደ። አቶ ሽብሩ ካባ ለበሱ፤
ደስ አላላቸውም፤ ዓይናቸው መዳፋቸው ላይ ነው፣ ሲጎርሱ።
የመቆፈሪያው ሾፌር፣ ጥርሱን እየጎረጎረ፣
"እዚህ አገር እኮ የትም ቢቆፈር ውሃ ነው" ብሎ ተናገረ።
ማንም አልሰማውም፤ ሥጋው እየቀረበ ነበረ።

ቃለ ጉባኤ ጻፍሁ፦
"በአቶ ሽብሩ ጥቆማ ውሃ ተገኘ።"
ማኅተም ተመታ።
ሌሊት ተነስቼ፣ ከጆጉ ቀድቼ ጠጣሁ፤
ይጣፍጣል፤ ምን ይዋሻል?
ደብተሩን ገለጥሁና
ከኅዳጉ ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣
"ሌላ ቦታ አልተቆፈረም" ብዬ ጨመርሁ።